የሰማዩ ዘበኛ ደቻቱን ያያልን?

ሳተላይት የጫካ እሳትን ከሩቅ ይለያል፤ የአንድ ሌሊት ጎርፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው

ደቻቱ ወንዝ ነው ቢሉት ድሬዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠ እንግዳ ለማመን ይቸገራል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው እየተዛቀ ለግንባታ ይሸጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ እግረኛው ከከዚራ ወደ መጋላ ይሻገርበታል። ይሁን እንጂ ይህ አሸዋ በስተደቡብ ካለው የደንገጎ ተራራ ሰንሰለት የሚወርደውን ውኃ የሚያሳልፍ ቦይ ነው። ለእሑድ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። በዳርቻው የነበረ ሱቅና መጋዘን፣ ቤትና ንብረት ተጠርጎ ሄዷል። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ቢሠራም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ ከተማዋን ዳግም ጎብኝቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

በደቻቱ ዳር ሸቀጥ ለሚያከማች ነጋዴ፣ ለዚያ ነጋዴ ብድር ለሚሰጥ ባንክና ንብረቱን ለሚያስገባ ኢንሹራንስ ኩባንያ ጥያቄው አንድ ነው። ሰማዩ በሳተላይት በተሞላበት፣ የደመናው ሥዕል በእጅ ስልክ በሚታይበት በዚህ ዘመን ጎርፉ ሳይደርስ የሚነግር አይኖርምን? መልሱ «አዎ» ወይም «የለም» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ሳተላይት አንዳንዱን አደጋ በጣም አጥርቶ ያያል፣ አንዳንዱን አሳንሶ ያያል፣ አንዳንዱን ደግሞ ካለፈ በኋላ ይናገራል። የትኛው ከየትኛው እንደሚመደብ ማወቅ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

እሳት ለምን በቀላሉ ይታያል?

ሳተላይት አደጋን ለይቶ ያሳያል የሚለው እምነት በአብዛኛው የመጣው ከጫካ እሳት ነው። እምነቱም መሠረት አለው። የሚነድ ነገር ከተራ መሬት ይልቅ የሚያወጣው የሙቀት ጨረር፣ የእሳት መፈለጊያ መሣሪያዎች በተለይ በሚከታተሉት የሞገድ ርዝመት ሲለካ፣ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ምክንያት እሳቱ ትንሽ ቢሆንም ይጮኻል። ሞዲስ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ምድርን የሚያየው አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በሆኑ የሥዕል ነጥቦች ሲሆን፣ በአንዱ ነጥብ ውስጥ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ቢነድ አዘውትሮ ይለየዋል። ይህም ከነጥቡ ስፋት አንድ ሺህኛው ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ካለና ሳተላይቱ በቀጥታ ከላይ ካለፈ ከዚያም አሥር እጅ ያነሰ እሳት ሊታይ ይችላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተከተለው ቪርስ የተባለው መሣሪያ ነጥቡን ወደ 375 ሜትር አጥብቦታል። ውጤቱም ሳተላይቱ ካለፈ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ለማንም ፈላጊ በነፃ ይደርሳል።

የአገራችን ታሪክም ከዚህ መሣሪያ ጋር ተያይዟል። ሞዲስ ሥራ የጀመረው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወቅት የባሌና የቦረና ደኖች እየነደዱ ነበር። ያ እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ አዳርሷል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቃጠለ ጊዜም ሳተላይት ቦታውን ማሳየት አላቃተውም። እሳቱን ለማጥፋት ግን የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ መውጣት፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መምጣት፣ ከእስራኤል ባለሙያ መጠራት ነበረበት። ማየትና መድረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ያኔ ታይቷል።

የእሳቱ ዓይንም ቢሆን እንከን አለው። ቪርስን የተሸከሙት ሳተላይቶች በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት ከቀኑ 7፡30 እና ከሌሊቱ 7፡30 ግድም ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት የጠፋ እሳት በመዝገባቸው ላይ ላይኖር ይችላል። ደመናና ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ጥላ ይጋርዷቸዋል። በአንፃሩ ደግሞ በፀሐይ የጋለ ራቁት መሬት፣ የሚያብረቀርቅ ሰፊ የብረት ጣሪያ ወይም የፋብሪካ ምድጃ እሳት መስሎ የሚመዘገብበት ጊዜ አለ። በቀፊራ ገበያ አንድ ሱቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነዶ ቢያልቅ ከሰማይ ምስክር ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ለሳምንታት የሚነድ ደን ግን አያመልጥም። ቁም ነገሩ የአደጋው መጠንና ቆይታ ከመሣሪያው ነጥብና ከምልልሱ ጋር መመጣጠን አለመመጣጠኑ ላይ ነው።

ዝናብ በግምት ነው የሚለካው

ወደ ደቻቱ ስንመለስ ጉዳዩ ይከብዳል። ሳተላይት የሚወርደውን ዝናብ በቀጥታ በመለኪያ አይለካም፤ ይገምታል። አንደኛው የግምት መንገድ የደመናውን አናት ሙቀት ማንበብ ነው። ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀመጡት ሜቴኦሳት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ሁልጊዜ አንድን አካባቢ ይመለከታሉ፤ በየ15 ደቂቃው ሥዕል ይልካሉ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀው አዲሱ ትውልድ ይህን ወደ 10 ደቂቃ ዝቅ አድርጎታል። የሙቀት ጨረር ስለሚያነቡ ሌሊትም ይሠራሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አናቱ በጣም የቀዘቀዘ ደመና ረጅም ደመና ነው፣ ረጅም ደመና ደግሞ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ዝናብ ያወርዳል።

«ብዙ ጊዜ» የሚለው ቃል ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ከነጎድጓድ ደመና ራስ ላይ እንደ ጥላ የሚዘረጋው ቀጭን ደመና ቀዝቃዛ ነው፣ ነገር ግን ጠብታ ላያወርድ ይችላል። በተቃራኒው እርጥብ አየር ተራራ ሲገፋው በቶሎ ወደ ላይ ይወጣና፣ አናቱ ያን ያህል ሳይቀዘቅዝ ዶፍ የሚያወርድበት ጊዜ አለ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከጀርባዋ ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አየሩን እንዲህ የሚገፋ ግድግዳ ካለበት አካባቢ የደመና አናት ብቻ ማንበብ ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በማይክሮዌቭ በደመናው ውስጥ አልፎ ውኃውንና በረዶውን ማየት ነው። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። ለዚህ ሥራ አሜሪካና ጃፓን በጋራ በ1990 ዓ.ም. አንድ ሳተላይት፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ደግሞ ተተኪውን አምጥቀዋል። ችግሩ እነዚህ ዝቅ ብለው የሚዞሩ በመሆናቸው በአንድ ከተማ ላይ ዓይናቸውን ተክለው አለመቀመጣቸው ነው። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች ይቀላቀላሉ። ከቅልቅሎቹ ታዋቂው አይመርግ የተሰኘው ሲሆን፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ጎን ባለው ነጥብ፣ የዓለምን ዝናብ ይሰጣል።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ድንቁና ባልደረቦቻቸው በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ግድም ባሳተሟቸው ጥናቶች የሳተላይት ግምቶችን በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ካሉ የመሬት መለኪያዎች ጋር አስተያይተዋል። የአሥር ቀንና የወር ድምር ሲወሰድ አንዳንዶቹ ግምቶች ለሥራ የሚበቁ ሆነው ሲገኙ፣ በዕለት ዝናብ ላይ ግን አስተማማኝነታቸው ወርዷል። ለገበሬና ለእህል ገበያ የአሥር ቀን ድምር ብዙ ነገር ይናገራል። ደቻቱ ግን አሥር ቀን አይጠብቅም።

ስልሳው ሚሊ ሜትር እንዴት አሥር ይሆናል?

የስህተቱን መንገድ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ከደንገጎ በላይ በ20 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 60 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ስለዚህ የወረደው 1.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። መሬቱ ሁለት እጁን አስርጎ አንድ እጁ ብቻ ወደ ቦዩ ቢወርድ እንኳ 400 ሺህ ሜትር ኩብ ነው። አሥር ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ቢመነዘር 40 ሺህ ቦቴ ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአንድ ቦይ በከተማ መሐል ያልፋል።

ይህንኑ ዝናብ የሳተላይቱ መዝገብ ሲያየው ምን ይሆናል? የአይመርግ ነጥብ ስፋት ወደ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በቀሪው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ዝናብ ካልነበረ አማካዩ 60 ሲካፈል ለ6፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሥር ሚሊ ሜትር ማንንም አያስደነግጥም። ሳተላይቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን የአማካይ ጥያቄ በትክክል መልሷል። እሳት ከነጥቡ አንድ ሺህኛውን ይዞ ሲጮህ፣ ዝናብ ከነጥቡ አንድ ስድስተኛውን ይዞም በአማካዩ ውስጥ የሚሰጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የጊዜ ጉዳይ አለ። ውኃው በሴኮንድ 3 ሜትር ቢጓዝ 20 ኪሎ ሜትር መንገድን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይበቃዋል። የአይመርግ ፈጣኑ እትም ግን የሚወጣው ዝናቡ ከወረደ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። ለፍጥነቱ የሚሻለው በየ15 ወይም በየ10 ደቂቃው የሚመጣው የደመና ሥዕል ነው፤ እርሱ ደግሞ ዝናቡን የሚያውቀው በደመናው አናት በኩል ብቻ ነው። በአጭሩ ፈጣኑ ዓይን ደብዛዛ ነው፣ የተሻለው ዓይን ዘግይቶ ይደርሳል።

ጎርፉን ራሱን በሥዕል ማንሣትስ? በደመናም በጨለማም የሚሠሩ ራዳር ያላቸው ሳተላይቶች አሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አውሮፓውያን ያመጠቋቸው ሴንቲኔል-1 የተባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው። አንዱ ሳተላይት ወደዚያው ቦታ በዚያው አቅጣጫ የሚመለሰው በ12 ቀን ነው፣ ሁለት ሲሆኑ በ6 ቀን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋ በተመታች በሳምንት ግድም፣ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ350 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እንደ ኦሞ ሜዳ ለቀናት የሚተኛ ውኃ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ይመቻል። የደቻቱ ውኃ ግን በሰዓታት ውስጥ አልፎ፣ የተረፈው አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። ሳተላይቱ ሲመለስ የሚያገኘው ደለልና የፈረሰ ግድግዳ ነው።

የሐሰት ማንቂያ ዋጋው

ይህ ሁሉ ሳተላይቱ ለደቻቱ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት ወደ ሐረርጌ ደጋ እየተጠጋ መሆኑን፣ የነጎድጓድ ደመና እየተከማቸ መሆኑን በሰዓታት ቀድሞ ማሳየት ይችላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ይህን ሥዕል ለዕለት ትንበያው ይጠቀምበታል። ነገር ግን ሥዕሉ የሚናገረው «ዛሬ ማታ በዚያ ደጋ ላይ ከባድ ዝናብ ሊኖር ይችላል» ነው እንጂ «ደቻቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሞላል» አይልም።

እዚህ ላይ የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ይነሣል። በትንሽ ምልክት ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ጎርፉ አያመልጥም፤ ሐሰተኛው ማንቂያ ግን ይበዛል። በትልቅ ምልክት ብቻ ከተሰጠ ሐሰተኛው ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንድ ቀን እውነተኛው ያልፋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ ማስጠንቀቂያ በሰማ ቁጥር ዕቃውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ለማውጣትና ሱቁን ቀደም ብሎ ለመዝጋት 2,000 ብር ቢያወጣ፣ ከአሥር ማስጠንቀቂያ አንዱ ብቻ እውነት ቢሆን፣ ወጪው 20 ሺህ ብር ነው። በአንዱ ሌሊት የሚድነው ሸቀጥ 300 ሺህ ብር ከሆነ ሒሳቡ አሁንም ያዋጣል። ስሌቱ የሚፈርሰው ነጋዴው ከሦስተኛው ሐሰተኛ ማንቂያ በኋላ ጆሮውን ከደፈነ ነው። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዋጋ በመሣሪያው ብልጫ ብቻ አይለካም፤ ሰሚው እስከ አሥረኛው ድረስ እንዲያምነው በማድረግ ጭምር ነው። ሰሚው ደግሞ የሚያምነው ማስጠንቀቂያው ሐሰት ሲሆን ለምን ሐሰት እንደሆነ ሲነገረው ነው።

ኢንሹራንስና የሳተላይት ምስክርነት

የሳተላይት መዝገብ በአገራችን ገንዘብ ማንቀሳቀስ ከጀመረ ቆይቷል። በትግራይ በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ለገበሬዎች የሚሸጥ የድርቅ ኢንሹራንስ ካሣውን የሚወስነው የሳተላይት የዝናብ ግምትን ይዞ ነበር። በቦረና በ2004 ዓ.ም.፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ለአርብቶ አደሮች የቀረቡት ውሎች የግጦሹን ልምላሜ ከሰማይ ይለካሉ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ገማች ከቤት ወደ ቤት፣ ከበረት ወደ በረት መሄድ አይኖርበትም፤ ቁጥሩ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ክፍያው ይፈጸማል። ወጪው ስለሚቀንስ ፕሪሚየሙም ሊቀንስ ይችላል።

እንዲህ ያለው ውል ለድርቅ የሚሆነው ድርቅ ሰፊና ዘገምተኛ በመሆኑ ነው። ድርቅ ነጥቡን ሙሉ ይሸፍናል፣ ለወራት ይቆያል፣ ሳተላይቱ ደጋግሞ ያየዋል። እንዲያም ሆኖ መዝገቡ «ደህና ነው» እያለ ከብቱ የሚያልቅበት አርብቶ አደር አይጠፋም። የመረጃውና የእውነቱ ልዩነት ጉዳቱ በገዢው ላይ ያርፋል። በደቻቱ ዳር ላለ ሱቅ ይህ ልዩነት እጅግ ይሰፋል። ከላይ በታየው ምሳሌ «ዝናቡ በዕለቱ ከ40 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ካሣ ይከፈላል» የሚል ውል የፈረመ ነጋዴ፣ 60 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ሱቁ ቢወሰድም መዝገቡ 10 ስለሚል አንድ ሳንቲም አያገኝም።

የከተማ ነጋዴ ዛሬ የሚያገኘው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተለየ ነው። ጎርፍ በእሳት ፖሊሲ ላይ ተጨማሪ ፕሪሚየም ተከፍሎበት የሚታከል አደጋ ሲሆን፣ ካሣው የሚሰላው በገማች በተመረመረ እውነተኛ ጉዳት ነው። እዚህ ላይ የሚስተዋለው ስህተት ሌላ ነው፤ የእሳት ፖሊሲ ያለው ሰው ጎርፍም አብሮ የተሸፈነ ይመስለዋል። ፖሊሲው ላይ ጎርፍ በስሙ ተጽፎ እንደሆነ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሸቀጥ መዝገብና ፋክቱር ከሸቀጡ ጋር በአንድ ሱቅ ውስጥ ማስቀመጥም አደጋ አለው፤ ውኃው ሁለቱንም አብሮ ከወሰደ የጉዳቱን መጠን ማስረዳት ይከብዳል።

የቅርብ ጎረቤት

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ሳተላይቱ ያልቻለውን የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት የሚሸፍነው በደጋው ላይ የተተከለ ራሱን በራሱ የሚያነብ የዝናብ መለኪያና በቦዩ የላይኛው ክፍል ላይ ያለ የውኃ ከፍታ ምልክት ነው። መለኪያው የአንድን ቦታ ዝናብ ብቻ ስለሚያውቅ አንድ ብቻውን አይበቃም፤ ዶፉ ከጎኑ ሊወርድ ይችላል። በተፋሰሱ ላይ በርከት ብለው ሲበተኑና ከሳተላይቱ ሥዕል ጋር ሲነበቡ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ሳተላይቱ «ዛሬ ንቁ» ይላል፣ መለኪያው «ወርዷል» ይላል፣ የውኃ ከፍታው «መጥቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው የስልክና የድምፅ ማጉያ ሥራ ነው።

መለኪያ በሌለበትም ቢሆን በድሬዳዋ የቆየ የመረጃ መንገድ አለ። ጫትና አትክልት ጭኖ በደንገጎ መንገድ የሚወርደው ሾፌር የደጋውን ሰማይ በዓይኑ አይቶ ነው የሚመጣው። በቀፊራ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከላይ ዶፍ እየወረደ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። የደቻቱ አደጋም አታላይነቱ ይኸው ነው፤ በከተማው ጠብታ ሳይወርድ ቦዩ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የስልኩ ሥዕል ከድሬዳዋ በላይ ደመና የለም ሲል ነጋዴው መጠየቅ ያለበት ስለ ድሬዳዋ ሳይሆን ስለ ደንገጎ ነው።

ወቅቱም የታወቀ ነው። አካባቢው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ሲሆን አብዛኛው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወርዳል። የ1998 ጎርፍ በሐምሌ መጨረሻ፣ የ2012 በሚያዝያ መምጣታቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል። በእነዚህ ወራት ስኳር፣ ዱቄትና ሲሚንቶ ከወለል ከፍ ብለው ቢቀመጡ፣ የሌሊት ዘበኛው ከላይ ሰፈር የሚደውልለት አንድ ሰው ስልክ ቢኖረው፣ ፋክቱሩ ከሱቁ ውጭ ቢያድር፣ የፖሊሲው የጎርፍ አንቀጽ ከመጋቢት በፊት ቢታደስ ወጪው ከአንድ ጆንያ ስኳር አይበልጥም።

ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ወደፊት የሳተላይት ውል ይዘው ወደ ድሬዳዋ ገበያ ቢመጡ፣ ነጋዴው ከፕሪሚየሙ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገባው የሥዕሉ ነጥብ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ የሚለካው የከተማው ነው ወይስ የደጋው ዝናብ፣ ቁጥሩስ በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ ነው። የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ በውሉ ላይ ካልተጻፈ የሚሸጠው ነገር ለደቻቱ ተብሎ የተለካ አይደለም።